ከኅዳር እስከ ኅዳር

አማርኛችን ለሯጭ ስም አላነሰውም። አትሌት እንላለን፣ ጀግና እንላለን፣ ባለ ወርቅ እንላለን። ስሞቹ ሁሉ ግን የሚጠሩት ያሸነፈውን ነው። ከሥራ በፊት ተነሥቶ ስምንት ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮው የሚገኘውን ሰው «ስፖርት ይሠራል» ብለን እናልፈዋለን። እሱም ቢጠየቅ «ሯጭ ነኝ» ለማለት አፉን ይይዘዋል። ኃይሌና ቀነኒሳ፣ ደራርቱና ጥሩነሽ በወጡበት አገር ቃሉ ይከብዳል። እዚህ የማስተዋውቃችሁ ይህን ስም ያልወጣለትን ሯጭ ነው። ሰፈሩ የአዲስ አበባው ልደታ ነው፤ እኔም እንደ እሱ ካሉት አንዱ ነኝ።

አገር የሚያየው በዓመት አንድ ቀን፣ በኅዳር እሑድ ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በኅዳር 1994 ነበር። ያን ጊዜ 10,000 ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ሐሳቡን ያመጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ራሱ ሮጦ አሸነፈ። በእንግሊዝ ግሬት ኖርዝ ራን የተባለውን ሩጫ የመሠረተው ብሬንዳን ፎስተር ደግፎታል፤ እንግሊዛዊው የማራቶን ሯጭ ሪቻርድ ኔሩርካር ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጦ ውድድሩን አደራጅቷል። ዛሬ ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ነው። መስቀል አደባባይ በአንድ ዓይነት ቲሸርት ይሞላል፣ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለበዓሉ ነው፣ ደግ ያደርጋል። በዚያ ሕዝብ መሐል ግን የእጅ ሰዓቱን እያየ የሚሮጥ ሰው አለ። ሰኞ ቢሮ ሲገባ ባልደረቦቹ «ስንተኛ ወጣህ?» ይሉታል። ይህን አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው ደቂቃውን ነው። አምና 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ የፈጀበትን መንገድ ዘንድሮ በ59 ደቂቃ ጨርሶታል። አምስቷን ደቂቃ ከየት እንዳመጣት የሚጠይቀው የለም። ያመጣት ከኅዳር እስከ ኅዳር ካሉት አሥራ ሦስት ወራት ነው፤ ጳጉሜንም ጨምሮ።

ልደታ ለዚህ ዓይነቱ ሯጭ የማይመች ሰፈር አይደለም። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ እዚህ ነበር፤ አውሮፕላን ደግሞ ሜዳ ይፈልጋል። ከጉለሌ ወይም ከሽሮ ሜዳ ጋር ሲተያይ ሰፈራችን ለጥ ያለ ነው። በ2008 ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሁለቱም መስመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ልደታ፣ ተግባረ እድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ ስታዲየም። የልደታ ሯጭ መንገዱን የሚለካው በእነዚህ አምስት ጣቢያዎች ነው። «ዛሬ እስከ ለገሃር ደርሼ ተመለስኩ» ሲል፣ ሌላው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ምን ያህልም እንደደከመ ወዲያው ይገባዋል።

የሚነሣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ይህ ጥንካሬውን ለማሳየት ሳይሆን ለሳንባው ሲል ነው። 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ ሚኒባሱና አውቶብሱ መንገዱን ሞልቶ ጭሱ ጉሮሮ ይዘጋል። በጨለማ መሮጥ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ፣ ሌሊቱን መንገዱን የራሳቸው ያደረጉ ውሾች አሉ። ውሻ ሲመጣ አይሮጥም፤ ቆም ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የሚያነሣ መምሰል ይበቃል። ያን ሰዓት ከእኛ ጋር መንገድ የሚጋሩት ወደ ልደታ ለማርያም ለኪዳን የሚሄዱ እናቶች ናቸው። አንድ ጊዜ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት አስቆሙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ደህና? ማን አባረረህ?»

«ደህና ነው እማማ፣ ስፖርት ነው።»

«በል እሷው ትጠብቅህ» ብለው አማተቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር «በርታ» ይሉኛል። ወር በገባ በአንድ ልደታ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ በምእመናን ይሞላል፤ በዚያ ቀን በባልቻ ሆስፒታል በኩል እንዞራለን። በሚሳለም ሕዝብ መሐል ላብ እያንጠባጠቡ መሮጥ ነውር ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከአምስት ቀን ሩጫ ውስጥ ቢያንስ ሦስቱ «ዱብ ዱብ» የምንለው ነው። ከጎን ከሚሮጥ ሰው ጋር ሳያለከልኩ ማውራት የሚቻልበት ፍጥነት ማለት ነው። ለአዲስ ሯጭ ይህን ማሳመን ከባድ ነው፤ ካልደከመው የሠራ አይመስለውም። ጥቅሙ ግን ከፍጥነቱ ሳይሆን ከቆይታው ነው። ልብ ቀስ ብላ ለረጅም ጊዜ ስትመታ በአንድ ምት የምትረጨው ደም እየጨመረ ይሄዳል። ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ሴሎች ውስጥ ስብንና ስኳርን ወደ ኃይል የሚለውጡት ማይቶኮንድሪያዎችም ይበዛሉ። ይህ ሁሉ የሚገነባው ደግሞ ሩጫው ላይ ሳይሆን ከሩጫ በኋላ በእንቅልፍና በዕረፍት ነው። ሁለት ልጅ ያለውን ሰው ከሁሉ የሚቸግረው ይሄ ነው። ኪሎ ሜትሩን ይሮጠዋል፣ እንቅልፉን ግን ከየት ያመጣዋል? እኔ የማውቃቸው በርትተው የዘለቁት ሯጮች ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ዘግተው የሚተኙት ናቸው።

ይህን ሁሉ የምንሠራው ደግሞ ስስ አየር ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። በ1961 መባቻ ኦሎምፒክ በሜክሲኮ ሲቲ ሊካሄድ ሲል የዓለም ሯጮች የከፍታው ነገር አስጨንቋቸው ነበር። የዚያች ከተማ ከፍታ 2,240 ሜትር ነው። ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 እዚያ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። እኛ በየማለዳው የምናልፍበት ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚያ ድል አይደለም፤ ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው። እኔ ግን ባለፍኩበት ቁጥር የማስበው ማሞን ነው።

ከፍታው ለአማተር ሯጭ የሚነግረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ከውጭ አገር መጽሐፍ ወይም ከስልክ ላይ የተገለበጠ የልምምድ ዕቅድ እዚህ እንዳለ አይሠራም። ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው «ቀላል» ተብሎ የተጻፈው ፍጥነት እዚህ መካከለኛ ይሆናል፣ መካከለኛውም ከባድ። ሰውነት ቀይ የደም ሴል ጨምሮ ይለምደዋል፤ ቢሆንም ፍጥነቱን ሙሉ በሙሉ አይመልስለትም። ሐዋሳ ወርዶ ግማሽ ማራቶን የሚሮጥ የልደታ ልጅ ሙቀቱን ከቻለው ትንፋሹ እንዴት እንደቀለለው ሲገርመው ይውላል።

በሳምንት አንድ ቀን ፍጥነት አለ፣ አንድ ቀን ረጅም አለ። ለፍጥነት የምንሄደው መስቀል አደባባይ ነው፤ ከልደታ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መሄጃው ራሱ ማሟሟቂያ ነው። እርከኖቹን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ሯጩ የታችኛውን እርከን ከዳር እስከ ዳር ይሮጥና አንድ ደረጃ ወጥቶ ይመለሳል፣ እንደገና አንድ ደረጃ ወጥቶ ይመለሳል፤ እንዲህ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ እየተመላለሰ ጫፍ ይደርሳል። ሌላው ፋርትሌክ ነው፤ ሁለት ደቂቃ መፍጠን፣ ሁለት ደቂቃ መርገብ። ቃሉ ስዊድንኛ ነው። የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ከስዊድን የመጣ ሰው ነበር። ቃሉ ዛሬ ሜዳ ላይ ካሉት አሠልጣኞቻችን አፍ የማይጠፋ፣ ማንም እንደ ባዕድ የማይቆጥረው የእኛ ቃል ሆኗል።

ረጅሙ ሩጫ እንጦጦ ነው። ቅዳሜ ማለዳ በሽሮ ሜዳ በኩል እንወጣለን፤ ባሕር ዛፉ ሥር አፈሩ ለስላሳ ነው፣ ከፍታው ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አትሌቶቹን የምናያቸው እዚያ ነው። በአንድ መስመር፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ያልፉናል። ልንከተላቸው አንሞክርም። ግን ካለፉ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የእኛም እርምጃ ይስተካከላል፤ ክርናችን ይሰበሰባል፣ ትከሻችን ይወርዳል። በክፍያ የሚገኝ ትምህርት አይመስለኝም። መሐል ከተማ ደግሞ በ2011 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀን አስፋልቱን ለጥቂት ሰዓት ከመኪና ነፃ ሲያደርግልን በዓል ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም፤ ቀድሞም እናቶቻችን ጨርሰውታል። በሶ ከሩጫ በፊትም በኋላም ይሆናል፤ የተቆላ ገብስ ስለሆነ ሆድ ሳይከብድ ኃይል ይሰጣል። ቅንጬ፣ ተልባ፣ ሽሮ በእንጀራ። ጥያቄው የምግቡ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ከበዓለ ኀምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ማለዳ 15 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ በሁዳዴ ልምምዱን ወደ ማታ የሚያዞሩ አሉ፤ ከጾም መፍቻው ሁለት ሰዓት በኋላ ይወጣሉ። በረመዳን ሙስሊም ባልንጀሮቻችን ከማፍጠሪያው በፊት ባለችው ሰዓት ዱብ ዱብ ብለው ላባቸው ሳይደርቅ ተምር ይይዛሉ። ሁለቱም ዘንድ ያየሁት አንድ ነገር ነው፤ በጾም ወራት ፍጥነት አይፈለግም፣ እግር እንዳይረሳ ብቻ ይሮጣል።

ለሴቶቹ መንገዱ እኩል አይደለም፣ ይህንን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። እኔ 11 ሰዓት ላይ ብቻዬን ስወጣ የምፈራው ውሻ ነው። እነሱ ለከፋውን፣ ተከትሎ የሚመጣውን ሰውም ይፈራሉ። ሰፈራችን ያሉ አምስት ሴቶች ቆመው ተጠባብቀው፣ አምስቱም ካልተሟሉ አይነሡም። ከ1996 ጀምሮ በመጋቢት የሚካሄደው «ቅድሚያ ለሴቶች» 5 ኪሎ ሜትር ለእነሱ ከታላቁ ሩጫ አይተናነስም፤ በዚያ ቀን መንገዱ የእነሱ ነው። በቀሩት ቀናት ግን አምስት መሆን አለባቸው።

ጉዳት ይመጣል። ልብና ሳንባ በሳምንታት ይጠነክራሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ሰው የሚጎዳው በዚህ ልዩነት መሐል ነው፤ ትንፋሹ «እችላለሁ» ሲለው ቅልጥሙ ገና አልደረሰም። እኔ የተጎዳሁት ከውድድር ማግስት ነው። በደቂቃዬ ደስ ብሎኝ፣ ሳላርፍ በዚያው ሳምንት እንደገና ፍጥነት ሠራሁ፤ ቅልጥሜ ላይ የጀመረኝ ሕመም ሰባት ሳምንት አስቀመጠኝ። ወጌሻው ባቴን በቅባት እያሸ «እግርህ ዕዳ አለበት፣ ክፈለው» አለኝ። መድኃኒቱ ዕረፍት ብቻ ነበር። ጫማም የራሱ ልክ አለው። ስታዲየም ዙሪያ ካሉት ሱቆች አዲስ የሚገዛ አለ፣ መርካቶ ሳልቫጅ የሚያገላብጥ አለ። የሶሉ ስፖንጅ ግን ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይሞታል። በሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ወር ማለት ነው። ሳልቫጅ የሚገዛ ሰው ውጩን ሳይሆን ሶሉን በአውራ ጣቱ ይጫን፤ ካልተመለሰ ይተወው።

ክረምቱ ከሁሉ ይከብዳል። ሐምሌና ነሐሴ ጎርፍ ነው፣ እንጦጦ ጭቃ ነው፣ ቱታ አይደርቅም። ያን ጊዜ የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ እንወጣለን እንወርዳለን፤ ጎረቤት እንዳይነቃ ጫማችንን በቀስታ እያሳረፍን። ብዙ ሰው የሚጠፋው በክረምት ነው። መስከረም ሲጠባ ማን እንደቀጠለ ከእርምጃው ይታወቃል። ከዚያ የጥቅምት ውርጭ፣ ከዚያ ቲሸርቱ ይመጣል።

ዘንድሮ ከውድድሩ በኋላ ወጌሻውን ሰማሁት። ሁለት ሳምንት በእግሬ ብቻ ሄድኩ፣ ከልጆቼ ጋር ቁርስ በላሁ፣ ያ ቲሸርት ታጥቦ በረንዳ ላይ ተሰጣ። ታኅሣሥ 1 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ጫማዬን አሰርኩ። ወር የገባበት ቀን መሆኑ ትዝ ያለኝ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስደርስ ነው፤ መንገዱ በነጭ ነጠላ ተሞልቷል። በባልቻ በኩል መዞር እችል ነበር። ግን ቆሜ ተሳለምኩና ከሕዝቡ ጋር በእግሬ አለፍኩ። ተግባረ እድ ጋ ሰው ሳሳ፤ ዱብ ዱብ ማለት ጀመርኩ።