ሁለት ሚዜዎች፣ አንድ እንስራ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ስኳር ነው። «ስኳር የሽማግሌና የሀብታም በሽታ ነው» የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። አንደኛው ዓይነት የሚባለው በብዛት የሚጀምረው በልጅነትና በወጣትነት ነው። ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንሱሊን መኖር የለም።

ባለፈው ግንቦት ለሰርግ ሮቢት ወርጄ ነበር። ሸዋ ሮቢት አላልኩም! ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ ያለችውን፣ የራያዋን ሮቢት ማለቴ ነው። በዚያ ወቅት ቀትር ላይ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ከሙሽራው ሚዜዎች ሁለቱ ስኳር አለባቸው። አንዱ እዚያው በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ጎረምሳ ነው፤ ሌላው ከአሜሪካ የመጣ።

የአሜሪካው ቀበቶው ላይ ሞባይል የምታክል ፓምፕ ሰክቷል። ክንዱ ላይ የተለጠፈችው መለኪያ በየ5 ደቂቃው ስኳሩን እያነበበች ለፓምፑ ትነግራለች፤ ፓምፑ ደግሞ ራሱ እየመጠነ ኢንሱሊኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ሲያስፈልግም ያቆማል። የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ በአሜሪካ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የሚበላውን መጠን ግን ባለቤቱ መንገር አለበት። (ለዱለትና ለማሽላ እንጀራ ምን ብሎ እንደሚነግረው እንጃ!)

ታዲያ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በዚያ ፀሐይ ሲጨፍር ዋለ። ላቡ የመለኪያዋን ማጣበቂያ አላቀቀው። መለኪያዋ ከሌለች ፓምፑ ዓይኑ እንደጠፋ ሰው ነው። ፓምፑ ውስጥ ያለው ኢንሱሊን ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሞቅ የከረመ ነው። ጣቱን ወግቶ ቢለካ ስኳሩ 380! ፓምፑን ጨምር ቢለው ስኳሩ አልወርድ አለ። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ፓምፕ የሚሰጠው ቶሎ ሠርቶ ቶሎ የሚያልቀውን ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ፣ ከተበላሸ ወይም ከተቋረጠ በሰዓታት ውስጥ ደም ይመርዛል። ማስመለስ፣ ቁና ቁና መተንፈስ፣ ከዚያም ራስን መሳት ይመጣል።

«አብሽር» አለው የሮቢቱ። ጉዱ ያለው እናቱ ጓዳ ነው። የአሜሪካው በመጣበት ቀን ያስቀመጠው መጠባበቂያ ብልቃጥ እዚያ ነበር። በስሪንጅ ተወጋ፣ ውኃ በላይ በላዩ ጠጣ፣ በየሰዓቱ ተለካ። ማታ ላይ ቁጥሩ ወረደ።

ጓዳው ውስጥ ፍሪጅ አልነበረም። ያለው ትልቅ እንስራ ነው፤ በውስጡ ትንሽ ገንቦ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። ውኃው በሸክላው እያላበ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ እንደ ቆቦ ባለ ደረቅ አየር ደግሞ አሳምሮ ይሠራል። ብልቃጡ በፌስታል ተጠቅልሎ ትንሹ ገንቦ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውኃ እንዳይነካው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ስለሆነ ለረዥም ጊዜ ማቆያ ፍሪጅን የሚተካ የለም። ለተከፈተው ግን እንስራው ባለውለታ ነው።

ለምን እንዲህ እንደለመዱ ስጠይቃቸው እናቱ «መብራት የለም ብለን ልጃችንን እንቅበረው?» አሉኝ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ መብራቱ ለወራት ጠፍቶ ነበር። ፍሪጅ ያለውም የሌለውም ያኔ እኩል ሆነ።

ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ጥናት ለእንደነዚህ ያሉት ሰዎች ደስ የሚል ነው። ኬንያ ዳዳብ ያለውን የስደተኞች ጣቢያ የሙቀት ልክ ወስደው፣ ኢንሱሊኑን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት 4 ሳምንት አቆዩት። የቀነሰው ኃይል ከ1 በመቶ አልበለጠም። ይሄ ግን ፀሐይ ላይ ጣሉት ማለት አይደለም! ስትጓዙ ፖርቶመጋላ ላይ በሚጫን ሻንጣ፣ ሾፌሩ አጠገብ ባለው የጋለ ኮፈን ላይ እንዳታስቀምጡት። በረዶም ጠላቱ ነው፤ አንዴ ከረጋ ይጣላል። ጥሩ መሆን ያለበት ከደፈረሰ፣ ወይም ወተት መሳዩ ተንቀጥቅጦ አልቀላቀል ብሎ ከጓጎለ አትወጉት። በመልኩ ደህና መስሎ የሚደክምም ስላለ ያለ ምክንያት ስኳራችሁ ከወጣ ብልቃጡን ጠርጥሩ።

ሙቀት ሌላም ተንኮል አለው። ቆዳ ሲሞቅ ኢንሱሊኑ ቶሎ ይሰርጋል፤ እርሻ ላይ ሥራ ሲጨመርበት ስኳር ድንገት ይወርዳል። ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ላብ ካጠመቃችሁ፣ ከተነጫነጫችሁ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለኩ። ጥንቅሽ ይጣፍጣል፣ ግን ልኩ አይታወቅም፤ እስኪያኝኩትም ጊዜ ይፈጃል። ስኳር ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። ጓደኞቻችሁም ይወቁ። «ሱሰኛ ይሉኛል» ብለው መርፌያቸውን የሚደብቁ ስንት ልጆች አውቃለሁ መሰላችሁ! ራሱን የሳተ ጓደኛ ካያችሁ ግን አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ወደ ሐኪም አሩጡት።

የአሜሪካው ሊመለስ ሲል «ፓምፑን ልተውልህ?» ብሎ ቀለደ። የሮቢቱ አልሳቀም። ቱቦው፣ መለኪያው፣ ማጣበቂያው በየጊዜው የሚቀየር ነው፤ ማን ይልክለታል? የለመነው ሌላ ነገር ነው፤ ተራውን የጣት መለኪያና የተረፈውን የመለኪያ ወረቀት በሙሉ። አሁን ወደ ሽንኩርቱ ከመውረዱ በፊት ይለካል፤ ቁጥሩንም በደብተር ይዞ ለቀጠሮ ይሄዳል።