ባትሪው ነው ወይስ ዲናሞው? ፒክአፕ በጠዋት ለምን ይለግማል

የይጁቤ ነጋዴ ጤፉን ወይም ስንዴውን በፒክአፕ ጭኖ ደብረ ማርቆስ ሊያደርስ በማለዳ ቁልፍ ሲያዞር መኪናው «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ አፍ የሚወጣው «ባትሪው ሞቷል» የሚል ቃል ነው። ይገፋል፣ ይነሳል፣ ማርቆስ እንደተደረሰም አዲስ ባትሪ ይገዛል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን መኪናው እንደገና ይቆማል። ገንዘቡ ለባትሪ ወጣ እንጂ በሽታው ሌላ ቦታ ነበር።

እንዲህ ያለው ግምት ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ያስከፍላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚገባ ባትሪም ዋጋው ከዶላሩ አይርቅም። በአንጻሩ በሽታውን ለይቶ የሚያወቀው መሣሪያ፣ ማለትም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኞች በኪሳቸው የሚይዙት ቴስተር፣ ከባትሪው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ምርመራው የሚጀመረው ሌሊቱን በቆመ መኪና ላይ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቴስተሩ 12.6 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ በግማሽ ወርዷል፣ ከ12 በታች ከሆነ ደግሞ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሙሉ የነበረው ባትሪ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የደከመው ራሱ ባትሪው ነው። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሪኖው ካልዞረ ግን ባትሪውን መውቀስ አያስፈልግም፤ ጥፋቱ በሽቦው ወይም በሞተሪኖው ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ተነስቶ ይለካል። ጤነኛ ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። በ12 ላይ የቀረ እንደሆነ ዲናሞው አይሞላም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም መነሻው የላላ ወይም ያለቀ ቺንጋ ነው። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ከልክ በላይ እየሞላ የባትሪውን ውሃ እያፈላ ይጨርሳል። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ልማድ መነሳት አለበት። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ማለት በድሮ መኪና ያልፍ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ዲናሞውንና በመኪናው ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮኒክስ የሚያቃጥል ድፍረት ነው።

ባትሪውም ዲናሞውም ጤነኛ ሆነው መኪናው እያደር የሚሞት ከሆነ ኤሌክትሪኩ በሌሊት የሚሰረቅበት ቦታ አለ። ሌባው አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ሳይሆን በኋላ የተቀጠለ ነው፦ ቁልፍ ሳያልፍ በቀጥታ ከባትሪው የተሳበ ቴፕ፣ የጭነቱ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር። ለማግኘት ቁልፉ ይነቀላል፣ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ የኔጌቲቩ ገመድ ይፈታና ቴስተሩ በ10 አምፔር ላይ ተደርጎ በገመዱና በባትሪው መካከል ይገባል። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት መሞከር ቴስተሩን ያቃጥላል። ጥቂት ከተጠበቀ በኋላ ንባቡ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው ሲወጣ እንደሚወርድ ማየት ነው። ግማሽ አምፔር ትንሽ ይመስላል። በቀን ግን 12 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ 70 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በሦስት ቀን ከግማሽ በታች ይወርዳል ማለት ነው። ሐሙስ የቆመ መኪና እሑድ ለምን እንደሚለግም ከዚህ ይታያል።

ቀላሉ ጥፋት ግን በዓይን የሚታየው ነው። በባትሪው ጫፍ ላይ የተጋገረው ነጭና አረንጓዴ ዝገት ኤሌክትሪኩን ያግዳል። በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ በደንብ ይታሰራል። ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር መጨረሻ ይሆናል፤ አለዚያ ቁልፉ የመኪናውን ብረት ከነካ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ባትሪው ከሚያወጣው ጋዝ ጋርም አደገኛ ነው። ከሻሲው ጋር የሚታሰረው ጥቁር ገመድም አብሮ ይታይ።

የአየሩ ጉዳይም አለ። ባሶ ሊበን ከደጋው ተነስቶ እስከ አባይ በረሃ የሚወርድ ወረዳ ነው። የደጋው ብርድ የናፍጣ ሞተሩን ዘይት ያወፍራል፣ የባትሪውንም ጉልበት ይቀንሳል፤ ዕድሜውን ይበልጥ የሚያሳጥረው ግን የበረሃው ሙቀት ነው። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ውሃው ከሳህኖቹ በታች ሲወርድ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። የጉድጓድም የቧንቧም ውሃ ማዕድን አለው። አሲድ መጨመርም ስህተት ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። በጣም የወረደን ባትሪ ደግሞ በአጭር መንገድ ዲናሞው ይሞላዋል ብሎ መጠበቅ ዲናሞውን ማድከም ነው፤ በኤሌክትሪክ ቻርጀር በዝግታ ቢሞላ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ባትሪው በእርግጥ ያለቀ ከሆነ ሲገዛም ቴስተሩ ከኪስ አይጥፋ። በመደርደሪያ ላይ ወራት የቆየ ባትሪ ሳይሠራም ይወርዳል፤ የተሠራበት ቀን ይታያል፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተለክቶ ከ12.4 ቮልት በታች የሆነው «አዲስ ነው» ቢባልም አይነሳም። አሮጌው እርሳስ ስላለው ገዢ አለውና አሲዱን መሬት ላይ ሳይደፉ እንዳለ ይዞ መደራደር ነው።