የዐይን ቆብ መውደቅና የኦፕራሲዮኑ ሒሳብ

ዕድሜ ሲገፋ የዐይን ቆብ ወደ ታች መውረዱ የታወቀ ነው። ነገሩ ቀስ በቀስ የሚመጣ ስለሆነ፥ ባለ ጉዳዩ ራሱ ሳያስተውለው ቅንድቡን እየሰቀለና አገጩን ወደ ላይ እያነሣ ማየትን ይለምዳል። ከላይኛው መደርደሪያ ያለውን ዕቃ መለየት ያዳግተዋል፤ አቀርቅረው ሲመለከቱ ቆቡ ይብሱን ስለሚወርድም የሒሳብ መዝገብ ማንበብ ይከብደዋል። ወደ ማታ ግንባሩን የሚያመው ቀኑን ሙሉ ቅንድቡን በግድ ሲያነሣ ስለ ዋለ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የቆቡ ቆዳ ላልቶ እንደ ትርፍ ጨርቅ በሽፋሽፍቱ ላይ መንጠልጠሉ ሲሆን፥ ሁለተኛው ቆቡን የሚያነሣው ጡንቻ ደኅና ሳለ ከቆቡ ጋር የሚያያይዘው ስስ ጅማት መርዘሙ ወይም ከቦታው መላቀቁ ነው። ለመጀመሪያው ትርፉን ቆዳ ቈርጦ መስፋት ይበቃል፤ ለሁለተኛው ግን ጅማቱን አሳጥሮ ወደ ቦታው መመለስ ያስፈልጋል። ሁለቱም ባንድ ሰው ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ፥ ቆዳው ብቻ ተቈርጦ ጅማቱ ቢተው ቆቡ እንደ ወደቀ ይቀራል።

ኦፕራሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በሽተኛው ሳይተኛ፥ ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ነው። ጅማቱ በሚጠገንበት ጊዜ ሐኪሙ በሽተኛው ዐይኑን እንዲገልጥ እያደረገ፥ አንዳንዴም ቀና አድርጎ እያስቀመጠ ሁለቱን ዐይኖች ያስተያያል። የሁለቱ ቆቦች ትእዛዝ ከአንድ ምንጭ የሚመጣ በመሆኑ፥ አንዱ ሲቃና ደኅና ይመስል የነበረው ሌላው ዝቅ ሊል ይችላል፤ ጠንቃቃ ሐኪም ይህን አስቀድሞ ይመረምራል። ከመጠን በላይ ቆዳ ከተቈረጠ ዐይኑ በእንቅልፍ ጊዜ እንኳ በደንብ ስለማይከደን ይደርቃል። ከዐይን በስተኋላ ደም መፍሰስም፥ እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ቢሆንም፥ ብርሃንን ሊያሳጣ ይችላል።

የነጋዴን አሳብ ይበልጥ የሚስበው ግን የክፍያው ጉዳይ ነው። ይኸው ሥራ ለማየት ሲባል ከተደረገ ሕክምና፥ መልክን ለማሳመር ከተደረገ ጌጥ ነው። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ድንበሩም በሚሊሜትር ይለካል። ከብሌኑ መካከል እስከ ላይኛው ቆብ ጠርዝ ያለው ርቀት በጤነኛ ሰው ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው፤ 2 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ እይታን እንደ ከለከለ ይቈጠራል። ፎቶግራፍ ይቀርባል፤ የእይታውም ስፋት አንድ ጊዜ ቆቡ እንዳለ፥ አንድ ጊዜ በፕላስተር ተደግፎ ይመረመራል።

ቁጥጥሩ የጠበቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2001 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ሜዲኬር ለዚህ ሥራ የከፈለው ገንዘብ ወደ አራት እጥፍ አድጎ 80 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደርሶ ነበር፤ የሽማግሌዎቹ ቍጥር ግን በዚያ ልክ አላደገም። ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮም በሆስፒታሎች ተመላላሽ ክፍል ለሚደረገው ሥራ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ ተደነገገ። ሚዛን መኖሩ ተገቢ ነው። ሆኖም ቆባቸው ከጧት ይልቅ ማታ የሚወርድባቸው ብዙዎች ስለሆኑ፥ በጧት የተለካ ሽማግሌ ማታ ሱቁን ሲዘጋ የሚደርስበትን ችግር ሚሊሜትሩ ላይነግር ይችላል።

በዚያው በ2020 ኦክሲሜታዞሊን የተባለ የዐይን ጠብታ ለዚሁ ችግር በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ቆቡን ለጥቂት ሰዓቶች በመጠኑ ከፍ ያደርጋል እንጂ ጅማቱን አይጠግንም። ቆቡ በድንገት የወደቀበት፥ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው ወይም የብሌኖቹ መጠን የተለያየበት ሰው ግን ነገሩን በእርጅና ሳያመካኝ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።