አስፋልቱ ተነስቶ ጎመን የበቀለበት ትምህርት ቤት

በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር ትምህርት ቤት ተማሪዎች አንዳንድ የሳይንስ ትምህርታቸውን የሚከታተሉት ጓሮ ወጥተው ነው። ጓሮው አንድ ኤከር ያህል ስፋት አለው፤ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ጎመኑ፣ ቆስጣው፣ የፍራፍሬ ዛፉና የዶሮው ቤት ያለበት ይህ ቦታ ቀድሞ አስፋልት ነበር።

ሐሳቡን ያመጡት በ1971 እ.ኤ.አ. እዚያው ከተማ «ሼ ፓኒስ» የተባለውን ምግብ ቤት የከፈቱት አሊስ ዋተርስ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ችላ የተባለ እንደሚመስል ለጋዜጣ መናገራቸውን ያነበቡት ርዕሰ መምህር ኒል ስሚዝ አስጠሯቸው። ሥራው በ1995 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ለዓመታት ታፍኖ የኖረው አፈር ግን ወዲያው አትክልት አላበቀለም፤ መጀመሪያ መሬቱን የሚያዳብር ሰብል ተዘርቶ፣ ያው ተመልሶ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ነበረበት።

የበርክሌይን ጓሮ ከብዙ ሌሎች የሚለየው ከጎኑ ያለው ማዕድ ቤት ነው። ልጆቹ በቡድን ሆነው አትክልቱን ያጥባሉ፣ በእውነተኛ ቢላ ይከትፋሉ፣ ያበስላሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ጨርቅ ለብሶ፣ አበባ ተቀምጦበት፣ ሁሉም አብረው ይመገባሉ። ልጣጩና ትርፍራፊው ወደ ብስባሹ ክምር ይመለሳል፤ ነገ ትሎቹን በእጃቸው ይዘው የሚመረምሩት እዚያው ክምር ውስጥ ነው። ታሪክ እንኳ ምድጃ ላይ ይጣዳል፦ ስለ ሐር የንግድ መንገድ ሲማሩ በንግዱ የተገናኙትን የቻይናን፣ የህንድንና የሮምን ምግቦች ያበስላሉ።

አንድ ልጅ ቆስጣ እንዲወድ ስለ ቫይታሚን ብዙ ከመንገር ይልቅ ዘሩን ራሱ እንዲዘራ ማድረጉ ይበልጣል። ያጠጣውንና የኮተኮተውን ሳይቀምስ የሚያልፍ ልጅ ብዙ አይገኝም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በበርክሌይ ትምህርት ቤቶች ለ3 ዓመት ባካሄዱትና በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የጓሮና የማብሰል ትምህርቱ በደንብ በተደራጀባቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የልጆቹ የአትክልትና የፍራፍሬ አመጋገብ ጨምሮ ተገኝቷል። ወደ መካከለኛ ደረጃ ለተሻገሩት ግን ውጤቱ ያን ያህል ጎልቶ አልታየም።

ሐሳቡ ከበርክሌይ ወጥቷል። ኒው ኦርሊንስ ከካትሪና አውሎ ነፋስ ገና በማገገም ላይ ሳለች፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ የትምህርት ቤት ጓሮ ጀምራለች።

ጓሮ መጀመር ቀላል ነው፤ ማቆየቱ ይከብዳል። በረጅሙ ዕረፍት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚያጠጣ ይጠፋል፤ ጓሮውን በፍቅር የያዘው አንድ መምህር ሲዛወር አረም ይወርሰዋል። የበርክሌዩ ጓሮ ይህን የተሻገረው የጓሮና የማዕድ ቤት መምህራን በደመወዝ ተቀጥረው፣ ሰዓቱም በመደበኛው የትምህርት ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ነው።