የሰባዎቹ የአሜሪካ መኪና፦ ሞተሩን ሳይሆን ላሜራውን ግዙ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን ደወለልኝ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተሠራች አሜሪካን መኪና በርካሽ አግኝቶ ለሥራ መመላለሻ ሊገዛት፣ ቀብድ ለመክፈል እጁን ኪሱ ከትቷል። «ጋሼ፣ የድሮ ዕቃ ጠንካራ ነው አይደል?» አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ መልሱን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ሞተሩን በተመለከተ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ለምሳሌ በዶጅ ዳርትና በፕሊመዝ ቫሊያንት ላይ ይገጠም የነበረውን፣ ወደ ጎን ያዘነበለውን ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር እንውሰድ። ብሎኩም ቴስታታውም ብረት ነው፣ ኮምፒውተር የለውም፣ ካርቡራተሩና ካንዴላዎቹ ኮፈኑ እንደተከፈተ ይታያሉ። አገር ቤት የሠለጠነ መካኒክ መመሪያ ሳያይ ይፈታዋል።

ይሁን እንጂ የዘመኑ መኪና ሁሉ አንድ አልነበረም። የሼቭሮሌት ቬጋ ሞተር ብሎኩ አሉሚኒየም ሆኖ ሲሊንደሮቹ የብረት ሽፋን ስላልነበራቸው፣ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይጎዳና ዘይት ይበላ ነበር። ፎርድ ፒንቶ ደግሞ ከኋላ ሲገጭ በነዳጅ ታንከሩ ምክንያት እሳት ሊነሳ ስለሚችል፣ ከመንትያው ከመርኩሪ ቦብካት ጋር 1.5 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች እ.ኤ.አ. በ1978 ለጥገና ተጠርተዋል። ዛሬ መንገድ ላይ አይተን «የድሮ ዕቃ!» የምንላቸው ከሞት የተረፉትን ነው፤ የሞቱትንማ ማን ያያቸዋል?

እኔም ትምህርቱን በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ተማሪ ሳለሁ ለቤት ኪራይ ያስቀመጥኩትን አውጥቼ የ1976 ሞዴል ገዛሁ። ማይል ቆጣሪው 48 ሺህ ይላል። የዚያን ጊዜ አብዛኛው ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ እንዳለውና 100 ሺህ ሲሞላ ከዜሮ እንደሚጀምር ልብ አላልኩም። ቢሆንም ሞተሩ አላሳፈረኝም፣ ያዋረደኝ ወለሉ ነው። መካኒኩ መኪናዋን ወደ ላይ አንስቶ ሻንሲውን በካቻቪቴ ነካ ቢያደርገው ካቻቪቴው እስከ እጀታው ገባ። የክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከውስጥ በልቶ ጨርሶታል። «ብየዳ የሚይዝ ብረት የለውም» አለኝ። መኪናዋ ወደ ቁርጥራጭ ብረት፣ እኔ ወደ አውቶቡስ።

ስለዚህ ሞተሩን ከመስማታችሁ በፊት ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎማው በላይና ከበሩ ሥር አስጠጉ። ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን፣ ከሥር ገብታችሁ ሻንሲውንና የፍሬን ቧንቧዎቹን እዩ። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹን ለውጡ፤ የዛሬ ቤንዚን ውስጥ ያለው ኤታኖል የድሮውን ጎማ ያበላሻል። ከበረዶ አገር መኪና ይልቅ እንደ አሪዞና ካለ ደረቅ አገር የመጣው ይሻላል፤ ፀሐይ ዳሽቦርዱን ቢሰነጥቀውም ላሜራውን አይበላውም።

ለወንድማችን የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ ሌላ መኪና ኖሮህ ለቅዳሜ ደስታ ከሆነ መርምረህ ግዛ። የዕለት እንጀራህ በእሷ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ኤርባግ በሌላት መኪና ልጆችህን ትምህርት ቤት የምታደርስ ከሆነ ግን ተዋት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ቀብዱን አቆይቶታል። ቅዳሜ አብረን ሄደን እናያታለን፤ ማግኔቱ ከአሁኑ ኪሴ ውስጥ ነው።