የመስኮታችን መቀርቀሪያ

በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ሪሴትልመንትም ሆነ ስለ ራሽን አናነሳም። የምናነሳው ስለ መስኮት መቀርቀሪያ ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ወግ አለው?» የምትሉ ካላችሁ፣ እኛም እስካለፈው የዝናብ ወራት ድረስ እንደናንተው ነበርን።

እኛ ማለት ይህን የምንጽፍላችሁ መምህርና በአንድ ጣሪያ ሥር አብሮን የሚኖረው የሥራ ባልደረባችን ነን። እዚሁ ካኩማ፣ ከቤታችን ቀጥሎ አንዲት እናት ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ እማማ እያልን እንቀጥል። ቤታቸው እንደ አብዛኞቻችን ቤት የጭቃ ጡብ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያለው ነው። የመስኮቱ መዝጊያ በእንጨት ላይ የተመታ የዘይት ጣሳ ነው። የራሽን ዘይት ጣሳ ተቀዶ፣ ተዘርግቶና ተደብድቦ ስንቱን በርና መስኮት እንዳለበሰ የምታውቁት ነው።

የዚህ መስኮት መቀርቀሪያ ተሰበረ። መጀመሪያ በሽቦ ታሰረ። ሽቦው ሲላላ በሲባጎ ተደገመ። አንድ ሌሊት ከውጭ እጅ ገብቶ ትራስጌ የነበረውን ስልክ ይዞ ሄደ። ስልኩ ናይሮቢ ያለው ልጃቸው በኤም-ፔሳ ገንዘብ የሚልክበት ነበር። እማማ በማግስቱ እኛ ዘንድ መጡ።

«ልጆቼ፣ ያንን መስኮት ድፍን አድርጋችሁ ምቱልኝ። ከእንግዲህ ባይከፈትም ይቅር» አሉን።

መዶሻችንን ይዘን ሄድን። በአራት ረዣዥም ሚስማሮች መዝጊያውን ከመቃኑ ጋር አጣበቅነው። እማማ መረቁን፣ ሻይ አፈሉልን። እኛም ጥሩ ሥራ የሠራን መስሎን ደስ ብሎን ተመለስን።

ሦስት ሳምንት አልሞላውም፣ ያ ዝናብ መጣ። የካኩማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ ይከርምና የመጣ ዕለት ታራች ሞልቶ መንገድ ይቆርጣል። እማማ ደጅ የነበረውን የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ አስገቡ። ውሃው እንዳይገባ በሩን ዘግተው ከሥሩ ጆንያ ጎሰጎሱበት። ሽሮው ከወረደ በኋላም ልጆቹ እንዳይበርዳቸው ብለው ከሰሉን አላጠፉትም። ትልቁ ልጅ ራሴን አለ። መካከለኛው አስመለሰው። እማማ ወባ መሰላቸው፤ እዚህ አገር ራስ ምታትና ማስመለስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። አልብሰው አስተኟቸው፣ እሳቸውም ጎናቸው ጋደም አሉ።

ባልደረባችን በዚያን ሰዓት የሄደው የተዋስነውን ድስት ሊመልስ ነበር። ሲያንኳኳ መልስ የለም። ደጋግሞ ሲደበድብ ትንሿ ልጅ እየተንገዳገደች ከፈተችለት። የጮኸውን ጩኸት እስካሁን እናስታውሳለን። ጎረቤት ተሰብስቦ አራቱንም ዝናቡ ላይ አወጣቸው፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ተርፈዋል፣ እግዜር ይመስገን። እማማን ግን ለቀናት ራሳቸውን ሲያዞራቸው ሰነበተ። እኛ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር እንቅልፍ የነሳን። ሚስማሩን የመታነው እኛ ነን።

ከሰል አየር በሚያንሰው ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ጢስ ሲሆን ሰው ያስለውና ይሸሻል፤ ይሄኛው ግን ከሰሉ ፍም ሆኖ፣ ጢሱ ጠፍቶ «አሁንማ ጠራ» ስንል ነው የሚሠራው። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን በሚያዝበት ቦታ ላይ ይሰፍራል፤ የመያዝ ኃይሉም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ያንቀላፋል። ሕፃናት ቶሎ ይጎዳሉ። በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሱን ካመመው በሩን ከፍቶ መውጣት፣ ሌላውን ማውጣት፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ነው። መስኮቱ ቢከፈትም እንኳ የነደደ ከሰል አስቀምጦ መተኛት የለም።

በሳምንቱ መጨረሻ ሚስማሮቹን ልንነቅል ሄድን። ለመንቀሉ ከመምታቱ ሦስት እጥፍ ጊዜ ፈጀብን። በዚያው በሠፈራችን ዞር ዞር ብለን ስናይ በሚስማር የተደፈነ መስኮት የእማማ ብቻ አልነበረም። ቁም ሣጥን የቆመበት አለ፣ በሽቦ የተጠፈረ አለ። ባለቤቶቹን ብትጠይቋቸው ነገሩ የሚጀምረው ከዚያችው ከተሰበረች መቀርቀሪያ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደለወጥናት እንንገራችሁ።

መቀርቀሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ለምን እንደተሰበረ እዩ። እኛ ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው። የእማማ መቀርቀሪያ ራሱ ጥፋት አልነበረበትም። የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ላልተው መዝጊያው ወደ ታች ወርዷል። መዝጊያው ሲወርድ የመቀርቀሪያው ዘንግና ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ አይገናኙም። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? በጉልበት ይገፋዋል፣ አንዳንዴም በድንጋይ ይመታዋል። በዚህ ሁኔታ አዲስ ቢገጠም እሱም ብዙ አይቆይም። መዝጊያውን በእጃችሁ ከሥሩ ትንሽ ቀና አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ቀና ሲል መቀርቀሪያው በቀላሉ ከገባ በሽታው ከማጠፊያው ነው።

የማጠፊያው ብሎን እየዞረ አልጠብቅ ካለ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው። ብሎኑን አውጥታችሁ የክብሪት እንጨቶች ጭንቅላታቸውን ቆርጣችሁ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቁ፤ የእንጨት ኮላ ካለ ነከር አድርጋችሁ። የተረፈውን ከላይ ቁረጡና ብሎኑን መልሱት። ጥብቅ ብሎ ይይዛል። ይህን የተማርነው በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከዚያ ክፍለ ጊዜ ሾልኮ ለመውጣት የማናደርገው ጥረት አልነበረም።

አሮጌው መቀርቀሪያ የዛገ ከሆነ ብሎኑን በግድ አታዙሩት፤ ጭንቅላቱ ይበላና ባሰ ይሆናል። ዝገቱን ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ጠብታ ላምባ አድርጉበትና እደሩበት። ጠዋት ካቻቪቴውን በብሎኑ ላይ አቁማችሁ ከኋላው በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ነካ ነካ አድርጉት፣ ከዚያ ሞክሩ። የእማማ ሁለት ብሎኖች በዚህ ወጡ። ሦስተኛው እምቢ ብሎ በፒንሳ ተጎተተ።

አሮጌውን አትጣሉት፣ ይዛችሁት ወደ ገበያ ሂዱ። እኛ «ልኩን እናውቀዋለን» ብለን ባዶ እጃችንን ሄደን ያመጣነው ሰፊ ሆኖ ተገኘና በዚያ በቀትር ፀሐይ ሁለተኛ ተመላለስን። አሮጌው ከጠፋ ከደብተር ላይ ወረቀት ቀዳችሁ ቦታው ላይ ለጥፉና የብሎኖቹን ቀዳዳዎች በእርሳስ አውጧቸው። ዋናው ልክ ከአንዱ ቀዳዳ መሀል እስከ ሌላው ቀዳዳ መሀል ያለው ነው።

ባለሱቁ ኢትዮጵያዊ ከሆነ መቀርቀሪያ ማለት ይበቃል። ካልሆነ በስዋሂሊ መስኮት ዲሪሻ ነው፣ መቀርቀሪያ ኮሜዮ፣ ማጠፊያ ባዋባ፣ ብሎን ስክሩቡ፣ ካቻቪቴ ቢሲቢሲ ይባላል። እጀታ የምትገዙ ከሆነ የቀኝና የግራ ስላለው ኩሊያ ቀኝ፣ ኩሾቶ ግራ መሆኑን ያዙ። ሚስማርን ምሱማሪ ይሉታል፤ እኛም እነሱም ቃሉን ያገኘነው ከዓረብ ነው። ካቻቪቴንና ፒንሳን ደግሞ እኛ ከጣልያን ወሰድን። አንድ መስኮት ለማበጀት ስንት አገር እንደሚዞር አያችሁ!

እኛ የገዛነው ተንሸራታች መቀርቀሪያና አራት አጫጭር ብሎኖች ከነዳዷቸውና ከነሮንዴላቸው ነው። ዋጋው ሁለታችን በአንድ ቀን ለሻይና ለአምባሻ ከምናወጣው ብዙ አልበለጠም።

የእንጨት ብሎን ያልገዛንበት ምክንያት አለን። የዘይት ጣሳ ስስ ነው፣ ከሥሩ ያለው እንጨትም አርጅቷል። በዚያ ላይ የተጠመዘዘ ብሎን አንድ ሁለት ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት ይዞት ይመጣል። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ጠንካራ ጣውላ ደርበን፣ ብሎኑን ከውጭ ወደ ውስጥ አሳልፈን፣ ሮንዴላና ዳዶውን ከውስጥ አጠበቅነው። የብሎኑ ጭንቅላት ክብ ስለሆነና ለካቻቪቴ የሚሆን ስንጥቅ ስለሌለው ከውጭ የቆመ ሌባ የሚፈታው ነገር የለም። ለመብሻ ትራፓኖ ከጎረቤት አናጢ ተዋስን። ትራፓኖ ከሌለ ሚስማር አግሎ እንጨቱን መብሳት ይቻላል፤ ጣሳውን ግን ቀድማችሁ በሚስማር ብሱት፣ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል።

ቦታው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ባልደረባችን ከላይ ይሁን አለ፣ ልጆች እንዳይነካኩት። እኛ ደግሞ ትንሿ ልጅ እጇ ከሚደርስበት ከፍታ መብለጥ የለበትም አልን። እማማ ናቸው የዳኙን፤ «በሩን የከፈተችው እሷ አይደለችም እንዴ?» አሉ። ስለዚህ በእሷ ትከሻ ልክ ሆነ፣ ከክፍተቱም ራቅ ተደረገ፤ ከውጭ በስንጥቅ የገባ ጣት ወይም ሽቦ እንዳያገኘው። ከውስጥ ቁልፍ ልግጠም የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ አንመክርም። ሌሊት እሳት ቢነሳ ቁልፉን በጨለማ ማን ይፈልጋል?

የብረት መስኮት ያላችሁ ደግሞ ነገራችሁ ትንሽ ይለያል። የዚያ እጀታ ሲዞር ምላሱ መቃኑ ላይ ካለች ማስቆሚያ ሥር ገብቶ መዝጊያውን ይስባል። በጊዜ ብዛት ምላሱ ይበላል፣ መስኮቱም በነፋስ ይንኳኳል። እጀታው ካልተሰበረ ማስቆሚያዋ ላይ ቁራጭ ላሜራ ብትደርቡ ለጊዜው ይጠብቃል። በብሎን የተያዘ ከሆነ ራሳችሁ ትለውጡታላችሁ። በሪቬት ወይም በብየዳ የተያዘ ከሆነ ግን ወደ ጁዋ ካሊ በያጆች ውሰዱት፤ በመዶሻ እያላችሁ መስታወት እንዳትሰብሩ። መስታወት ከእጀታው የበለጠ ያስወጣል።

ስለ ዘይት አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ሰው መቀርቀሪያው እንዲንሸራተት የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት ይቀባዋል። አቧራ በሌለበት አገር ጥሩ ነው። እዚህ ግን ነፋሱ አሸዋውን አምጥቶ ዘይቱ ላይ ይለጥፈዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ጭቃ ይሆናል። የሚሻለው እርሳስ ነው። የእርሳሱን ጥቁር ጫፍ ዘንጉ ላይ ደጋግማችሁ ፈትጉት፤ ግራፋይቱ ደረቅ ማለስለሻ ስለሆነ አቧራ አይዝም። መምህር ቤት የማይጠፋ ነገር እርሳስ ነው፣ ከተማሪዎች የተረፉ ቁርጥራጮች ለዚህ ዋሉ።

ሥራው ጠዋት ተጀምሮ ከምሳ በፊት አለቀ። መጨረሻ ላይ ትንሿን ልጅ ጠርተን ዓይኗን በሻሽ አሰርናት። ሌሊት ነው እንበል አልናት። ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ሄደች፣ አንዴ ስታው አለፈች፣ ተመለሰች፣ አገኘችው፣ ሳበችው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፈተ። የካኩማ ነፋስም ይህን ሲጠብቅ እንደነበረ ሁሉ አቧራውን ተሸክሞ ገባ፣ ቡናው ላይ ሳይቀር።

«ዝጊው! ዝጊው እንጂ!» አሉ እማማ ሲኒውን በነጠላቸው እየሸፈኑ።

ልጅቱ ሻሹን ሳትፈታ መልሳ ዘጋችው።