በቆሎን አቀራርቦ መዝራት ምርት የሚጨምረው መቼ ነው?



ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ለክረምት እረፍት ቤት ስንገባ ማሳው ያው ነው፤ የሚካፈለው ወንድም ግን ጨምሯል። ጫካ መንጥሮ መሬት ማስፋት ደግሞ አፈሩን ለጎርፍ መስጠት ነው። ታዲያ በዚያው ማሳ ላይ አቀራርበን ብንዘራ ምርት ይጨምራል? አዎ፣ ግን በሒሳብ ነው።

የአሜሪካን በቆሎ እንመልከት። በ1930ዎቹ በሄክታር 30,000 ገደማ ተክል ይበቅል ነበር፤ ዛሬ 80,000 ገደማ ደርሷል። የሄክታሩ ምርት በብዙ እጥፍ ሲያድግ፣ አንድ ተክል በሰፊ ቦታ ብቻውን ሆኖ የሚሰጠው ግን ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው መጨናነቅን የመቻል አቅሙ ነው። አዳቃዮች አገዳቸው የማይወድቅ፣ ቅጠላቸው ወደ ላይ የቆመ ዝርያዎችን መረጡ። ቅጠሉ ሲቆም ብርሃን እስከ ታች ይደርሳል። ማዳበሪያውም አብሮ ጨምሯል።

ይህ አቅም የሌለውን ዘር ብናጨናንቀው ለብርሃን ሲሻማ ይቀጥንና ይወድቃል። ውኃና ናይትሮጂን ካነሰው ደግሞ የራሱ ጸጉር ዘግይቶ ይወጣል፤ ያኔ ከላይ የሚረግፈው ብናኝ አልቋል። አገዳው ያለ ፍሬ ይቀራል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የሄክታሩን 10,000 ካሬ ሜትር ለመስመርና ለተክል ርቀት ብዜት እናካፍል። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 44,444 ተክል ይይዛል። 30ውን ወደ 25 ብናወርደው 53,333 ይሆናል። አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ወደ 9,000 የሚጠጋ ተክል ጨመረ! ቶሎ የሚደርሱ አጫጭር ዝርያዎች ከረጃጅሞቹ ይበልጥ መቀራረብን ይችላሉ።

የተቀራረበ ቅጠል መሬቱን ቶሎ ስለሚሸፍን አረም ያዳክማል፣ የዝናቡንም ምት ከአፈሩ ላይ ይቀንሳል። ነገር ግን የበዛ ተክል ከአፈሩ ብዙ ይወስዳል። በፍግ፣ በኮምፖስትና በማዳበሪያ ካልተመለሰለት የዘንድሮው ትርፍ የከርሞ ዕዳ ነው።

ቤት ስንገባ አባቶቻችንን «ተሳስታችኋል» ከማለታችን በፊት እንጠይቅ። በሐረርጌ ገበሬው አጥብቆ የሚዘራው እያሳሳ ከብቱን ሊመግብ ነው፤ ምክንያት አለው። ከዚያ ሜትር ይዘን አሥር ሜትር መስመር እንለካ። በ25 ሳንቲ ሜትር ከተዘራ 40 ተክል ሊኖር ይገባል። ስንቱ አለ? ከእነሱስ ስንቱ ራስ ይዟል? ብዙው ባዶ ከሆነ ማሳው ከአቅሙ በላይ ተጨናንቋል ወይም ተርቧል፤ ሁሉም ትልልቅ ራስ ከያዘ ለከርሞ ትንሽ ማቀራረብን በአንድ ጥግ እንሞክር፣ ኢንሻአላህ።